የቆብ አጣቢው ሚስት መጻሕፍት

ታባዋ ባሏ የሞተ ዕለት አላለቀሰችም። ወሬው አስከሬኑ ታጥቦ ሳያልቅ ሦስት ግቢ ተሻግሮ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ካኖ ከተማ ያካሳይ፣ ለሞተ ሰው የሚለቀሰው በልክ ነው። የጮኸች በአላህ ፍርድ አጉረመረመች ትባላለች፤ ዝም ያለች ደግሞ ልቧ ድንጋይ ነው ትባላለች። ልኩን አጥርተው የሚያውቁት ማንም ያልሞተባቸው ሴቶች ብቻ ናቸው። ታባዋ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ለሚመጣው ሁሉ «አሚን፣ አሚን» ትላለች፤ ፊቷ ታጥቦ የተደፋ ሰሃን ይመስላል። አንዷ ጎረቤት እንባዋን ልትቀሰቅስላት ብላ አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅስላት ጀመር። ታባዋ ተነስታ ውሃ አቀረበችላት።

እንዲህ የሆነችው ግን ዛሬ አይደለም። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ዳዴ ሳይሉ ቀብራለች። በመጀመሪያው ጮኸች፤ በሁለተኛው አነባች፤ በሦስተኛው የተጣደውን ድስት ከእሳት አውርዳ፣ ክዳኑን ከድና፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ከሩቅ ይመጣባት ጀመር። የሰው ድምፅም፣ የቅመሙ ሽታም፣ የራሷ እጅም ሳይቀር የጎረቤት ይመስላት ነበር። አዝናለሁ አትልም፤ ደስም አይላትም። ቱዎዋን ታገነፋለች፣ የባኦባብ ቅጠል ወጧን ትሠራለች፣ ትሰግዳለች፣ ትተኛለች። ባሏ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ያልመከረው ሰው አልነበረም፤ ምክር በነፃ ስለሆነ እኛ ሰፈር አይጠፋም። እሱም ለመካሪው ሁሉ «ኢንሻ አላህ» እያለ አንድም ቀን ሳያገባ ሞተ።

ባሏ ማላም ሙዲ ቆብ አጣቢ ነበር። የጥልፍ ቆብ ያጥባል፣ በስታርች ያጠነክራል፣ ከዚያ የእንጨት ቅርጽ ላይ አጥልቆ እስኪደርቅ በመዳፉ እየዳበሰ ይጠብቃል። የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች የጭንቅላት ልክ በእንጨት አስቀርጾ ግቢው ውስጥ ደርድሮት ነበር። በእንጨቱና በባለቤቱ መካከል ብዙ ልዩነት አልነበረም፤ እንጨቱ ዝም ማለት ይችላል።

የመጽሐፉ ነገር የጀመረው በዚሁ ሥራ ነው። አንድ ሀብታም ነጋዴ ቆቦቹን በካርቶን ልኮ ኖሮ፣ ማላም ሙዲ ካርቶኑን ሲገለብጠው ከሥሩ አንዲት ስስ መጽሐፍ ወደቀች። የነጋዴው ልጅ ከእናቷ ስትደብቅ አባቷ ቆብ ሥር ሸጉጣት መሆኑ ነው። ማላም ሙዲ ቁርኣኑን አሳምሮ ይቀራል፤ ሐውሳውንም በዓረብኛ ፊደል ይጽፋል፤ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ሐውሳ ግን ለእሱ የጉንዳን ዱካ ነው። ታባዋ አንደኛ ደረጃን የጨረሰች ስለሆነች መጽሐፏን ዘረጋላትና ምን ይላል አላት። እሷም ስለጠየቃት ብቻ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችለት። ስትጨርስ አጠፈችው። እሱ እጁ ቆብ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አላት።

እነዚህን መጻሕፍት የማያውቅ ሰው ካኖ ውስጥ የለም፤ አላውቃቸውም የሚል ግን ሞልቷል። ሽፋናቸው ላይ አንዲት ልጅ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትስቃለች፤ ከኋላዋ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መኪና ቆሟል። ልጅቱ ድሃ ናት፤ ልጁ ዶክተር ነው። አባቷ ጥርሱ ላለቀ የቆላ ፍሬ ነጋዴ ሊድራት ይፈልጋል፤ የአባቷ ሌላኛዋ ሚስት ደግሞ ጠንቋይ ቤት ደጅ ትጠናለች። ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ይነበባል። ደራሲዎቻችን ደግሞ ታሪክ የሚቆርጡት ሥጋ ቆራጭ በሚያፍርበት ቦታ ነው፤ ሙሽራይቱ አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ እንዳደረገች «ቀሪው በክፍል ሁለት» ብለው ይሄዳሉ። ያቺ ከካርቶን የወደቀችውም ክፍል አንድ ነበረች። ስሟ «ሁለት ልብ በአንድ ጆንያ» ይባላል። ጀግናዋ ላንቶ እግሯን ከመኪናው በር ሳታስገባ ቀረች፤ ማላም ሙዲም እንቅልፍ አጣ።

ክፍል ሁለት ደግሞ በዋዛ አይገኝም። የሚታተመው ጥቂት ነው፤ የወጣ ሰሞን አልቆ ከሴት ወደ ሴት እየዞረ ያረጃል። ስለዚህ የሚታደነው አሮጌው ነው። ማላም ሙዲ አደኑን ተያያዘው። ኩርሚ ገበያ ውስጥ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን ሁሉ አወቀ፤ ቆባቸውን አጥቦ በመጽሐፍ ይለውጣል። ግን ዋናው ዘዴው ሌላ ነበር። ሰርግ ሲቃረብ የሙሽራይቱ እናት የልጇን ሣጥን ትበረብራለች። አማቶች ፊት የሚያሳፍረውን ሁሉ ለይታ ታወጣለች፤ ከሁሉ በፊት የሚወጡት የፍቅር መጻሕፍት ናቸው። በየትኛው ቤት መቼ ሰርግ እንዳለ ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቀው ቆብ አጣቢ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ቆቡን የሚያሳጥበው ያን ሰሞን ነውና። ማላም ሙዲ የታጠበውን ቆብ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ «ሚስቴ የምታነበው ነገር ካላችሁ» ይላል፤ እናትየዋ በሸማ ጠቅልላ፣ ሰይጣን እንደምታስወጣ እየተቻኮለች ትሰጠዋለች። የሰፈራችን ልጃገረዶች ሕልም በሙሉ በዚህ መንገድ እየተጠረገ የቆብ አጣቢው ግቢ ገባ።

ችግሩ ርዕሱን ማንበብ አለመቻሉ ነው። ቁጥር ይለያል፤ ክፍል ሁለትን ከክፍል ሦስት አይሳሳትም። የማን ክፍል ሁለት እንደሆነ ግን የሚያውቀው በፎቶው ነው። አታሚዎቻችን ደግሞ አንድ ልጅ ፎቶ አንስተው አራት መጽሐፍ ላይ የሚለጥፉ፣ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የላንቶን ክፍል ሁለት አገኘሁ ብሎ እየሮጠ ሲመጣ፣ ስልክ የያዘችው ያቺው ልጅ በሌላ ስም ሌላ ዶክተር ትወድ ነበር። ታባዋም «ይቺ ሌላ ናት» ትለዋለች። «ፊቷ እኮ እሷው ነው» ይላል። «ፊቷ እሷ ነው፤ ታሪኩ ሌላ ነው» ትለዋለች። ትንሽ ያስብና «በይ እስቲ የዚችንም እንስማ» ይላል። መጽሐፉ የተከማቸው እንዲህ ነው፤ በስህተት፣ በስህተቱ ላይ ስህተት።

የሚነበበው ከሰዓት በኋላ፣ ቆቦቹ እንጨት ላይ ሲደርቁ ነው። ታባዋ የምታነበው የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ራዲዮ ነው፤ ከፍ የለ፣ ዝቅ የለ። ላንቶ ብትታመም፣ ዶክተሩ ቢሰደድ፣ ጠንቋዩ እባብ ቢልክ ድምፅዋ ያው ነው። ማላም ሙዲ ግን ለሁለት ይሰማ ነበር። ልጅቱን ይመክራል፣ ዶክተሩን ይሳደባል፤ የላንቶ አባት በአርብ ገበያ መገረፍ አለበት ይላል። ሲያለቅስ እንባው ቆቡ ላይ ይንጠባጠብና የስታርቹን ልክ ያበላሽበታል፤ እያጉተመተመ እንደገና ያጥባል። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ቆባቸው አንዳንዴ ለምን እንደሚዘገይባቸው አያውቁም ነበር።

በር ከተንኳኳ ግን መጽሐፉን ታባዋ ጭን ላይ ይደፋና ፊቱን ወደ ቆቡ ያዞራል። የገባውም ሰው «ዛሬም ይቺን ነገር ይዛለች?» ሲል «ሴት ናት፣ ምን ላድርጋት» ይላል። እውነትም ካኖ ውስጥ ሚስቱን የሚያሞላቅቅ ወንድ ሞኝ ይባላል፤ ሞኝ ደግሞ ይታዘንለታል። የፍቅር ታሪክ ሰምቶ የሚያለቅስ ወንድ የሚባለውን ግን ስም ገና አላወጣንለትም። ማላም ሙዲም ስሙ በእሱ እንዲጀመር አልፈለገም። ታባዋን፣ የኔ ናቸው በይ፣ ብሏታል፤ እሷም ትላለች። ግድ የላትም።

ግድግዳዋ ላይ፣ ሌሎች ሴቶች የሰርግ ጎድጓዳ ሳህኖቻቸውን በሚደረድሩበት ቦታ፣ መጽሐፉ እስከ ጣሪያ ደረሰ። የሰፈሩ ሴቶች እየተዋሱ ያነባሉ፤ እያነበቡም ያሟታል። አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ መነጽር ያደረገ ሰው በወሬ ወሬ ፈልጎ መጣ። የድሮዎቹ ኅትመቶች ዛሬ የሉም፣ ደራሲዎቹ ራሳቸው ጋ አይገኙም፣ እኔ ደግሞ ከነሙሉ ክፍላቸው እየሰበሰብኩ ነው፣ ልትሸጡ ካሰባችሁ አሳውቁኝ ብሎ ሄደ። ማላም ሙዲ እንግዳውን እስከ በር ሸኝቶ ሲመለስ፣ የተማረ ሰው ሚስት የለችውም እንዴ፣ ብሎ ሳቀ። በሰፈሩ ግን ወሬው አብጦ፣ ታባዋ ግድግዳ ላይ የተደረደረው ሞተር ብስክሌት ይገዛል ተባለ።

ያችን ዓመት የበረሃው ነፋስ ሃርማታን አቧራውን ይዞ ሲመጣ ማላም ሙዲን ሳል ያዘው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

የቀሩት ወራሾች ሦስት ናቸው፤ ታባዋ፣ ታላቅ ወንድሙ አልሃጂ ታኒሙ፣ እና እህታቸው ጓጎ ሁሬ። አልሃጂ ታኒሙ ሲሚንቶ ይሸጣሉ፤ ባሕርያቸውም ከዚያው ነው፤ ትንሽ ውሃ ከነካቸው ይጠነክራሉ። የሰፈሩን ሥነ ምግባር የሚጠብቅ ኮሚቴ አቋቁመው ራሳቸውን ሊቀ መንበር አድርገዋል። እነዚህ መጻሕፍት ልጃገረዶችን ያበላሻሉ ብለው ስንት ጊዜ በድምፅ ማጉያ ጮኸዋል። ስለ ሞተር ብስክሌቱ የሰሙ ዕለት ግን ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ጓጎ ሁሬ ደግሞ ባልዋን ቀብራ ለብቻዋ የምትኖር፣ ምላሷ ከፊቷ ቀድሞ ደጃፍ የሚገባ ሴት ናት። ታባዋን ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ጠጉሯ ሸብቶም፣ «ሙሽሪት» ነው የምትላት፤ የባል እህት ወጉ ነው።

ታባዋ ዒዳ ላይ ስለሆነች፣ ማለትም በባሏ ሐዘን ከቤት ስለማትወጣ፣ ቃዲው ራሳቸው መጡ። እኛም ተከትለን ገባን፤ ውርስ ሲከፋፈል የማይመለከተው ሰው ያካሳይ ውስጥ የለም። ወንዶቹ ግቢው መግቢያ ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ታባዋና ሴቶቹ ከመጋረጃው በስተጀርባ። የቃዲው ደንብ ግልጽ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ የማን እንደሆነ ክርክር ከተነሳ፣ በልማድ የሴት የሆነው ለሚስት ነው፤ እሷም የኔ ነው ብላ በቁርኣን ትምላለች። በልማድ የወንድ የሆነው ደግሞ ለሟች ወራሾች ይገባል፤ ሚስትም ከዚያ ሩቡን ታገኛለች። ድስቱና ሳህኑ ወዲያው የሴት ሆነ። የሟቹ ብስክሌትና የቆብ ቅርጾቹ የወንድ ሆኑ። አልሃጂ የድስት ክዳኖቹን ሳይቀር በጣታቸው ከቆጠሩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጽሐፎቹም አሉ» አሉ።

«የማን ናቸው ይላሉ?» አሏቸው ቃዲው።

«መጽሐፍ የወንድ ዕቃ ነው እንጂ። ከመቼ ወዲህ ነው ሴት መጽሐፍ ያላት?»

ቃዲው አንዱን አምጡልኝ አሉ። መጣላቸው። ሽፋኑ ላይ ያለችውን፣ ስልክ ይዛ የምትስቀዋን ልጅ፣ ራቅ አድርገው አዩዋት፣ ቀረብ አድርገው አዩዋት፤ ልጅቱ በሁለቱም ሳቀችባቸው። ከዚያ ርዕሱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ሁለት ልብ በአንድ ጆንያ። ክፍል ሦስት።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ ሳቋን በሻሿ አፈነች።

«አልሃጂ፣ ይሄ የወንድ ዕቃ ነው?»

አልሃጂ፣ የገዛው ወንድሜ ነው፣ በቆብ እጥበት ላቡ፣ አሉ። ቃዲውም ባል ለሚስቱ ኩል ይገዛል፣ ኩሉ ታዲያ የባል ይሆናል ወይ፣ ብለው ጠየቁ። የገዛው ማን ነው ሳይሆን የተጠቀመበት ማን ነው ነው ነገሩ። ወንድምዎ እነዚህን ያነብ ነበር?

ያን ጊዜ የአልሃጂን ፊት ያላየ ሰው ምን እንዳመለጠው አያውቅም። አንደኛው ዓይናቸው ሞተር ብስክሌቱን ያያል፤ ሌላው ድምፅ ማጉያውን። ያነብ ነበር ካሉ፣ የሥነ ምግባር ሊቀ መንበሩ ወንድም ዕድሜ ልኩን ከላንቶ ጋር ሲዳራ ኖረ ማለት ነው። አያነብም ካሉ ዕቃው ከእጃቸው ይወጣል። ጺማቸውን ከሥር እስከ ጫፍ ዳበሱት።

«አልፎ አልፎ» አሉ በመጨረሻ፣ «ዐይኑን ጣል ሳያደርግባቸው አይቀርም።»

ጓጎ ሁሬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ «ዐይኑን ጥሎ ፊደሉን ማን ሊያነሳለት ነው? ያ ወንድምህ የስኳር ፓኬት እንኳ ገልብጦ አይደል የሚይዘው?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቃዲውም ሟቹ የፈረንጅ ፊደል እንደማያውቅ ሰምቻለሁ ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ፊደሉን ካላወቀ አያነብም፤ ካላነበበ የሴት ዕቃ ነው። የቀረው መሐላ ብቻ ሆነ። ባሏ የሞተባት ሴት፣ እነዚህ መጻሕፍት የኔ ብቻ ናቸው፣ ባሌ በእነሱ ምንም አልነበረውም ብላ ትማልና ሁሉንም ትውሰድ፣ አሉ።

ቁርኣኑ በመጋረጃው ሥር ተሰጠ። ጓጎ ሁሬ ተቀብላ ታባዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የወንድሟ ወራሽ ሆና ሳለ ለምን ለታባዋ እንዳደላች እስከ ዛሬ አልገባንም፤ ምናልባት አልሃጂ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ማየት ከድርሻዋ በልጦባት ይሆናል። ሴቶቹም ደስ ብሏቸዋል፤ የሚዋሱት መጽሐፍ እዚያው ሊቆይ ነው። የቀረችው አንዲት ቃል ናት። ታባዋ እጇን ቁርኣኑ ላይ አደረገች።  ውጭ የታሰረ በግ ሲያመሰኳ ይሰማ ነበር።

ጓጎ ሁሬ ጠጋ ብላ፣ «ሙሽሪት፣ በይ ማይና ገላግይን፤ እግሬ ደነዘዘ» አለቻት።

ታባዋ እጇን ከቁርኣኑ ላይ አነሳች።

«የሙዲ ናቸው» አለች።

ባሏን በስሙ ጠራችው። እኛ ዘንድ ሚስት ባሏን፣ በሕይወት ይኑርም ይሙትም፣ በስሙ አትጠራም፤ ከስሙ ጋር የሚመሳሰል ስም ያለውን የጎረቤት ልጅ እንኳ በሌላ ነው የምትጠራው። ከአጠገቧ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን ያዙ።  እሷ ግን የገበያ ዋጋ በምታነብበት በዚያው ድምፅ ቀጠለች። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይሰማል አለች። የሚያመጣውም እሱ፣ የሚመርጠውም እሱ። እኔ እንዲያው ቃሉን አወጣለሁ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ማን ማንን እንዳገባ እንኳ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። ላንቶ የታመመች ቀን የሊማኑን ቆብ ሁለት ጊዜ አጥቧል። የኔ ናቸው በይ ብሎኝ እል ነበር፤ በቁርኣን ግን በይ አላለኝም።

የመስጊዳችን ኢማም፣ ሊማኑ፣ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ቆባቸውን አውልቀው አገላብጠው አዩት።

አልሃጂ ታኒሙ ከተቀመጡበት ተነሱ። ይህች ሴት ሐዘን አእምሮዋን አዛብቶታል፣ ወንድሜ የተከበረ ሰው ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር ጆሮው አይገባም አሉ። መጻሕፍቱ የሴት ዕቃ ናቸው፣ ድሮም የሴት ናቸው፣ ትውሰዳቸው፣ ሁሉንም ትውሰድ።

«አልሃጂ፣ ይረጋጉ» አሉ ቃዲው። «ቅድም የወንድ ናቸው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እሷም የወንድ ናቸው አለች። ተስማማችሁ እኮ።»

«እኔ አልፈልጋቸውም።»

«የወንድምዎ ርስት ነው። አልፈልግም ይላሉ?»

ርስት አልፈልግም ማለት ደግሞ አልሃጂ ከአፋቸው የማይወጣላቸው ነገር ነው። ተቀመጡ።

ክፍፍሉ በዚያው ከሰዓት ተፈጸመ። የቃዲው ጸሐፊ መጽሐፉን ከግድግዳው አውርዶ አራት ክምር አደረገው፤ አንዱ ለታባዋ፣ ሁለቱ ለአልሃጂ፣ አንዱ ለጓጎ ሁሬ። ሽንኩርት እንደሚከፈል ነው የከፈለው፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ማን የማን ቀጣይ እንደሆነ አላየም። ያን ሁሉ ዓመት ሰርግ ለሰርግ ተለቅመው የተገናኙት ክፍል አንድና ክፍል ሁለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተለያዩ። ምረጪ ቢሏትም ታባዋ የደረሰኝ ይበቃኛል አለች። የአልሃጂ ድርሻ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ጊዜው ገና ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ልጃገረዶቹ ሁሉ በየበሩ ቆመው አዩት። ጋሪው ላይ የመጻሕፍቱ ሽፋን ልጆች ስልካቸውን ይዘው ለመንገደኛው ሁሉ ሳቁ። የኮሚቴው ድምፅ ማጉያ ከዚያ ወዲህ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ በግ አስተሳሰር እንጂ ስለ መጽሐፍ ተናግሮ አያውቅም። መነጽር ያደረገው ሰውዬም ሰምቶ መጥቶ ነበር። ሦስቱን ቤት ዞሮ አየ፤ አንዱም ታሪክ ሙሉ እንዳልሆነ ሲረዳ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ሴቶቹ ታባዋን ሞኝ አሏት። ፊት ለፊቷም አሏት። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም የእሷ ነበር፤ እነሱም የሚዋሱት ነበራቸው። ማን ይጠይቅሽ ነበር፣ አላህ መሐሪ ነው፣ የሞተ ሰው ምን ይጠቀማል አሏት። ታባዋ ወፍጮ ላይ ያለውን ዳጉሳ ጠርጋ ጨረሰች። ስትመልስም ለማንም ያልመለሰች ያህል ነበር።

«ብምል ኖሮ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከሰዓት በኋላ እዚህ ብቻዬን ተቀምጬ ኖርኩ ማለት ነበር» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ስለ ዳጉሳው ዋጋ አወሩ።

ከዒዳዋ መውጫ ጥቂት ቀደም ብሎ ጓጎ ሁሬ መጣች። ሰላምታ የሚባል ነገር አታበዛም፤ በሩን ገፍታ ገብታ፣ ነጠላዋን አራግፋ፣ ቆቦቹ ይደርቁበት በነበረው ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቅርጾቹ አልሃጂ ቤት ሄደዋል፤ ቦታው ባዶ ነው። ከጉያዋ አንድ መጽሐፍ አውጥታ ወለሉ ላይ ወረወረችው።

«ያ ወንድሜ ምን ሰምቶ እንደሚያለቅስ ልወቅ ብዬ ነው» አለች። «አንብቢልኝ እስቲ። ካልጣመኝ አቋርጥሻለሁ።»

ታባዋ አነሳችው። ክፍል አንድም ክፍል ሁለትም አልነበረም፤ የማንም መጀመሪያ የማንም መጨረሻ ያልሆነ መሐል ነበር። ይሄ መጀመሪያ የለውም አለቻት። ጓጎ ሁሬም፣ እኔስ ሲወለዱ ደርሼ የማውቀው ስንት ሰው ነው፣ ከመሐል ገብቼ አይደል የማማው፣ ጀምሪ አለቻት።

ታባዋ ጀመረች። ድምፅዋ ያው ነው፤ ከፍ የለ፣ ዝቅ የለ። ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ ሽማግሌው ነጋዴ ከአባቷ ጋር ለጋብቻ ስምምነት የሚቆረሰውን ቆላ ፍሬ ሲከፋፈል አየች፤ ገብቷት እንስራዋን አስቀመጠች። ጓጎ ሁሬ ጥርሷን ትፍቅ ነበር፤ መፋቋን ተወች። ገጹ ማለቂያ ላይ አባትየው እጁን ለነጋዴው ዘረጋ። ታባዋ እዚህ ጋ ሳታውቀው ቆም አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ጓጎ ሁሬ።

«ምንም።»

ጓጎ ሁሬ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች።

«እሱ እዚህ ጋ ምን ይል ነበር?»

ታባዋ አሰበች። «አባትየውን ይሰድበዋል።»

«ምን ብሎ?»

«አንተ ብሎ ይጀምራል፤ አንተ ከርሳም፣ ልጅህን ለከርስህ ነው ወይ የወለድካት ይለዋል። ከዚያ ለኔ፣ እኔ ብሆን አልሰጣትም ነበር ይለኛል።»

ጓጎ ሁሬ መፋቂያዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እውነቱን ነው» አለች። «ከርሳም ነው። በይ ቀጥይ።»

ታባዋ ገጹን ገለበጠች።